ከሎኮሞቲቩ በፊት ሐዲዱ፦ ሞዴል ባቡር ገዝቶ፣ ዘርግቶ ለመንዳት

ሞዴል ባቡር የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ገንዘቡን ሎኮሞቲቩ ላይ ያፈስና ሐዲዱን በተረፈችው ይገዛል። እኔም እንዲሁ ነው የጀመርኩት። ባቡሩ ኩርባ ላይ ይወድቃል፣ መገጣጠሚያ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፣ ገፋ ሲያደርጉት ሁለት ስንዝር ሄዶ ደግሞ ይቆማል። ባለቤቱ ታዲያ "ሞተሩ ነው" ብሎ ካቻቢቴ ያነሣል። ሎኮሞቲቩ ምንም አልነበረበትም፤ ከተፈታ በኋላ ግን ይኖረዋል።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚያ የደረሰው በ1902 ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የምድር ባቡር ሠራተኞችን በፈረንሳይኛው "ሼሚኖ" እንላቸው ነበር። መዶሻ ይዘው ብረቱን ኳ፣ ኳ እያደረጉ ሲያልፉ፣ ሐዲዱ ምን አጥፍቶ ነው የሚገረፈው እል ነበር። ዛሬ ሜሪላንድ ቤዝመንቴ ውስጥ ጎንበስ ብዬ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጥፍሬ ስዳስስ ነገሩ ገብቶኛል።

መጀመሪያ ቦታውን ለኩ

ስኬል ማለት እውነተኛው ባቡር ስንት እጅ እንዳነሰ የሚነግር ቁጥር ነው። በብዛት የሚሸጠው ኤችኦ የሚባለው ነው፤ 1 ለ 87፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 16.5 ሚሊ ሜትር። 20 ሜትር የሆነ ፉርጎ በዚህ ስኬል 23 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኤን ደግሞ 1 ለ 160 ነው፣ የሐዲዱ ስፋት 9 ሚሊ ሜትር፤ ያው ፉርጎ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። ከዚያ የሚያንስ ዜድ የሚሉት አለ፤ ሜርክሊን የተባለው የጀርመን ፋብሪካ በ1972 ያወጣው፣ 1 ለ 220። ቆንጆ ነው፤ ግን ዓይንም እጅም ይፈታተናል፣ ለጀማሪ አልመክረውም። ትልልቆቹ፣ ኦ እና ለጓሮ የሚሆነው ጂ፣ ሰፊ ቦታና ወፍራም ኪስ ይፈልጋሉ።

አፓርታማ የሚኖር ሰው ኤን ይያዝ። አንድ አሮጌ የበር ሳንቃ ሁለት መቀመጫ ላይ ቢጋደም ሙሉ መስመር ይዘረጋበታል፤ ሲያበቃ አልጋ ሥር ይገባል። 1.2 በ2.4 ሜትር የሚሆን ኮምፔንሳቶ ማስቀመጫ ያለው ሰው ኤችኦ ይውሰድ። ግን ጠረጴዛውን ብቻ ለክታችሁ አታቁሙ፤ እናንተም በዙሪያው መቆም አለባችሁ። ጠረጴዛው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በወዲያኛው በኩል የወደቀ ፉርጎ ለማንሣት እጃችሁ አይደርስም። ክንድ በምቾት የሚደርሰው 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ በሁለት በኩል መግቢያ ይፈልጋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። የእንግሊዝ ኦኦ የሚባለው በኤችኦ ሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ አካሉ ግን 1 ለ 76 ስለሆነ ከኤችኦ ፉርጎ ጋር ሲቀጠል ታላቅና ታናሽ ይመስላሉ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሜርክሊን ኤችኦ በመሐል ሦስተኛ መገናኛ ያለው የራሱ ሐዲድ እንዳለው ዕወቁ። የፉርጎዎቹ ጎማ ግራና ቀኙ በኤሌክትሪክ ስላልተለየ፣ ባለሁለት ሐዲድ መስመር ላይ ሲቀመጥ ወዲያው ኮንታክት ይፈጥራል። ከሁለቱ አንዱን መርጣችሁ እዚያው ጽኑ።

የራሳችንን ምድር ባቡር መሥራት ለሚያምረው ሰው፦ የአሮጌው መስመር ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ስለዚህ ተራው የኤችኦ ሐዲድ ለሱ ይሰፋል። ኤችኦኤም የሚባል ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ አለ፤ ቤሞ የተባለው አምራች ለስዊዝ ተራራ ባቡሮች የሚሠራው ይህንኑ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ግን 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለተራው ኤችኦ ልክ ነው። የኛን ሎኮሞቲቭ ተሠርቶ በካርቶን ሲሸጥ እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ ከስዊዝ ፉርጎ ተነሥቼ ቀለም ቀብቼ ነው የምጠጋጋው።

ግዢ

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ስብስብ በአንድ ካርቶን መግዛት አይከፋም፤ ሎኮሞቲቭ፣ ሦስት አራት ፉርጎ፣ ክብ ሐዲድና መቆጣጠሪያ ይዞ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ በእንዲህ ያለው ስብስብ የሚመጣው ኩርባ ብዙውን ጊዜ 18 ኢንች ማለትም 46 ሴንቲ ሜትር ሬዲየስ ነው። ይህ ለአጫጭር ሎኮሞቲቮች ይበቃል። ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎ ግን፣ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው፣ እዚህ ኩርባ ላይ ወገቡ ወደ ውስጥ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጎረቤቱንም ጎትቶ ይጥላል። ስለዚህ ፎቶው አማለላችሁ ብላችሁ ረጅሙን አትግዙ። ባለ አራት አክስል ናፍጣ ሎኮሞቲቭና 15 ሴንቲ ሜትር የጭነት ፉርጎዎች ለጀማሪ ታዛዥ ናቸው።

ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት የባቡር ትርኢት የሚባለውን ፈልጉ። ጠረጴዛ በጠረጴዛ የተደረደረ ገበያ ነው፤ መርካቶ ለለመደ ሰው ክርክሩ አይከብድም። ሎኮሞቲቭ ስትይዙ ሻጩን "ሐዲድ ላይ አድርገህ አሳየኝ" በሉት፤ ደህና ሻጭ መፈተሻ ሐዲድ አያጣም። ቀስ ብሎ ሲሄድ ስሙት። ጎማው በዞረ ቁጥር "ጧ… ጧ…" የሚል ከሆነ ከውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ይጠገናል፣ ዋጋው ግን ይውረድ። ከዚያ ገልብጡና ጎማዎቹን እዩ፤ ጥቁር ቆሻሻ ይጸዳል፣ የተላጠ ጎማ ግን አይመለስም።

ሐዲዱን ግን አዲስ ግዙ። ኒኬል ሲልቨር የሚባለውን ምረጡ፤ ስሙ ነው እንጂ ብር የለበትም፣ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው። አሮጌው የነሐስና የብረት ሐዲድ በርካሽ ይገኛል፤ ነሐሱ ቶሎ ይጠቁራል፣ ብረቱ ይዝጋል፣ እናንተም ስትፈገፍጉ ትኖራላችሁ።

ጠረጴዛው

ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ከሥሩ የጣውላ ፍሬም ተመቶለት ይበቃል። ከፍታውን 1.1 ሜትር አካባቢ ብታደርጉት ባቡሩን ከጎን ታዩታላችሁ፤ ዝቅ ካለ ከጣሪያ ላይ ቆማችሁ የምታዩ ይመስላል። እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ጠረጴዛው ያዘመመ ከሆነ የቆሙት ፉርጎዎች ማታ ማታ በራሳቸው ጉዞ ይጀምራሉ፤ የኔዎቹ አንድ ሌሊት ወለል ላይ አድረዋል። ከኮምፔንሳቶው በላይ ስስ የቡሽ ንጣፍ ለጥፉ፤ ድምፁን ያበርዳል፣ ሐዲዱም በእውነተኛው መስመር እንዳለው ጠጠር ከፍ ብሎ ይታያል።

ሐዲድ መዘርጋት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሁለት ቅዳሜ ቢፈጅባችሁ ፈጀ ነው።

መጀመሪያ ሐዲዱን ሳትመቱ ደርድሩት፣ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፣ ረጅሙን ፉርጎ በእጃችሁ እየገፋችሁ ዙሩት። ወደ ቀኝ ከሚታጠፍ ኩርባ ወዲያው ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አትቀጥሉ፤ በመካከላቸው ቢያንስ የረጅሙን ፉርጎ ያህል ቀጥታ ይኑር። ሽቅብ የምትሠሩ ከሆነ በአንድ ሜትር ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ አትውጡ፤ ከዚያ በላይ ትንሹ ሎኮሞቲቭ ጎማውን ባዶ ያሽከረክራል።

ከዚያ ሐዲድን ከሐዲድ የሚያያይዙት ትንንሽ ብረቶች በሁለቱም በኩል በትክክል መግባታቸውን እዩ። በጣም የተለመደው ጥፋት አንደኛው ሐዲድ በማያያዣው ውስጥ በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ መቀመጡ ነው። ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ጥፍራችሁን በሐዲዱ ጫፍና በውስጥ ጎኑ ላይ ቀስ ብላችሁ ጎትቱ፤ ጥፍር ከቆመ ጎማም ይቆማል። ጥቃቅን እብጠት ከሆነ በስስ ሞረድ ሁለቴ ሦስቴ ዳበስ ማድረግ ይበቃል። ደረጃ ካለው ግን ንቀሉና እንደገና ግጠሙ፤ ሞረድ ደረጃን አያድንም። ዓይናችሁንም ከሐዲዱ እኩል ዝቅ አድርጋችሁ በርዝመቱ ተመልከቱ። ከላይ ቀጥ ያለ የመሰለው መስመር ከዚያ ሲታይ እንደ እባብ ሲጥመለመል ታገኙታላችሁ።

ሚስማር ስትመቱ እስከ ጥግ አትስደዱት። የሐዲዱ ፕላስቲክ ወገቡ ጎብጦ ሁለቱን ሐዲዶች ያቀራርባቸዋል፤ ከዚያ ባቡሩ ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ለምን እንደሚወድቅ ስታስቡ ትከርማላችሁ። ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን የሐዲድ መቀየሪያዎች መጀመሪያ ሁለት ብቻ አድርጉ። ለመቆሚያና ለመሸሸጊያ ይበቃሉ፤ መቀየሪያ በበዛ ቁጥር የሚወድቅበት ቦታ በዛ ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩ

ሁለት መንገድ አለ። አሮጌው መንገድ ሐዲዱ ላይ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) እየጨመሩ እየቀነሱ መንዳት ነው፤ ርካሽና ቀላል ነው፣ ግን አንድ መስመር ላይ ያሉ ሎኮሞቲቮች ሁሉ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። ሁለተኛው ዲሲሲ የሚባለው ዲጂታል ነው፤ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፣ ትእዛዙም አብሮ ይሄዳል፣ በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ ያለ ዲኮደር የራሱን ትእዛዝ ብቻ ይሰማል። ከፋብሪካ ሲወጣ የዲኮደሩ መጠሪያ ቁጥር፣ አድራሻ የሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ 3 ነው። ሁለተኛ ሎኮሞቲቭ ስትገዙ የአንዱን ካልቀየራችሁ ሁለቱም "አቤት" ይላሉ። ሁለት ባቡር ለየብቻ መንዳት የምትፈልጉ ከሆነ ገና ከጅምሩ ዲሲሲ ግቡ። ዲኮደር የሌለው ሎኮሞቲቭ ግን ዲሲሲ ሐዲድ ላይ አታቁሙ፤ ሞተሩ ቆሞ እያንዛረረ ይግላል፣ መጨረሻም ይቃጠላል።

በየትኛውም ብትሄዱ የሐዲድ ማያያዣ ብረት ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍላችሁ አትጠብቁ። ዛሬ ያሳልፋል፣ በስድስት ወሩ ይላላል። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ወፈር ያሉ ሽቦዎች፣ ቀይና ጥቁር፣ 2 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል የሆኑ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘርጉ። ከነሱ በየሜትሩ ቀጫጭን ሽቦ አውጥታችሁ ሐዲዱ ላይ በሶልደር አያይዙ፤ ቀይ ሁልጊዜ በውጩ ሐዲድ፣ ጥቁር ሁልጊዜ በውስጡ። ሶልደሩ በሐዲዱ የውጭ ጎን ይሁን፤ በውስጥ በኩል ከሆነ የጎማው ከንፈር ይመታዋል። ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ከግራና ከቀኝ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጡ፣ ሐዲዱን በደንብ አጽዱ፣ የጋለውን ብረት ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ አሳርፉ።

ዲሲሲ ከሆነ አንድ ፈተና አለ፤ በሳንቲም ነው። ኃይሉን አብርታችሁ፣ ሎኮሞቲቮቹን አንሥታችሁ፣ ሳንቲም በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ጣል አድርጉ። ሲስተሙ ያኔውኑ መጥፋት አለበት። በየሜትሩ እየሄዳችሁ ድገሙት። የሆነ ቦታ ላይ ካልጠፋ እዚያ ያለው ሽቦ ቀጥኗል ወይም ላልቷል፤ ባቡር የወደቀ ዕለት ሐዲዱና ጎማው የሚቀልጡት እዚያ ነው። ባቡሩ ዞሮ በመጣበት ሐዲድ እንዲመለስ የሚያደርግ ቅርጽ ደግሞ ለመጀመሪያው መስመር ይቅርባችሁ። ቀዩ ከጥቁሩ ይገናኝና ኮንታክት ይፈጠራል፤ መፍትሔ አለው፣ ግን የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል።

አሁን ወደ አገር ቤት ለምትልኩ። ለእኅቴ ልጅ አንድ ስብስብ ከዚህ ገዝቼ ድሬዳዋ ይዤለት ሄድኩ። መሰኪያ መቀየሪያም አልረሳሁም፣ ኮራሁ። ሰካነው፤ ባቡሩ እንደ ጥይት ግማሽ ዙር ሄደ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ትራንስፎርመሩ ለ120 ቮልት የተሠራ ነበር፣ ግድግዳው ደግሞ 220። የመሰኪያ መቀየሪያ ቅርጽ ነው የሚቀይረው፣ ቮልት አይቀይርም። ከመግዛታችሁ በፊት የመቆጣጠሪያውን ጀርባ አንብቡ፤ "ኢንፑት" በሚለው ፊት ለፊት ከ100 እስከ 240 ካለ የትም ይሠራል። 120 ብቻ ካለ እዚያው ተዉት፣ ወይም ውጤቱ ልክ እንደሱ የሆነ ባለ 220 አስማሚ ፈልጉ። ሎኮሞቲቩ ራሱ አገር አይመርጥም፤ እሱ የሚያየው ሐዲዱ ላይ ያለውን ቮልት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ

አዲስ ሎኮሞቲቭ ያለ ፉርጎ ግማሽ ሰዓት ወደፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ በመካከለኛ ፍጥነት አዙሩት፤ ጥርሶቹ ይለሳለሳሉ። ዘይት ካስፈለገው ለፕላስቲክ የሚስማማውን፣ በመርፌ ጫፍ የምትያዘውን ያህል ብቻ። የልብስ ስፌት መኪና ላይ እንደምታፈሱት ካፈሰሳችሁ ሐዲዱ ሁሉ ይቀባል።

ፉርጎ ቶሎ ቶሎ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ቀሎ ነው። በ1935 የተመሠረተው የአሜሪካው ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤችኦ የሚመክረው 28 ግራም መነሻ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 14 ግራም ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፉርጎ እንግዲህ 112 ግራም ገደማ ይመዝን። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት፤ ከጎደለው ከወለሉ ላይ ዳዶ በኮላ ለጥፉ። ክብደቱ ከታች ይሁን፣ ከላይ ከሆነ ኩርባ ላይ ይገለብጠዋል።

አገሩን መሥራት

ይህ ክፍል ለብቻው ዓመት ይፈጃል፤ እዚህ አጠር አደርገዋለሁ። ተራራ በተጨማደደ ጋዜጣ ቅርጹን አውጥታችሁ፣ በጀሶ የተነከረ ጨርቅ ከላይ አልብሱት። ሣር ከሰጋቱራ ይወጣል፤ አረንጓዴና ቡኒ ቀለም ነክሮ ማድረቅ ነው። እኔ የሠራሁት የድሬዳዋውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ስለሆነ አረንጓዴው ብዙም አላስፈለገኝም። በሐዲዱ መካከል የሚፈሰውን ጠጠር ከመሬት የምታመጡት ከሆነ አበጥሩት፣ ከዚያ ማግኔት በላዩ አሳልፉ። የሚያስገርም ያህል ጥቁር የብረት ቅንጣት ይሰበስባል፤ ያ ሁሉ የሎኮሞቲቩ ሞተር ማግኔት ላይ ይጣበቅ ነበር። ጠጠሩን ለማጣበቅ አንድ እጅ ነጭ ኮላ፣ ሁለት እጅ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ሳሙናው ከሌለ ኮላው ጠጠሩ ላይ ክብ ሆኖ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግም። የሐዲድ መቀየሪያው የሚንቀሳቀስ ምላስ አጠገብ ግን ኮላ አይድረስ።

ለሰብሳቢዎች

ከመንዳት ይልቅ መሰብሰብ የሚወድ ሰው ካርቶኑን አይጣል፤ አሮጌ ዕቃ ካርቶኑ ሲኖር ዋጋው ሌላ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን አሮጌ ስፖንጅ ግን ጣሉት፤ በጊዜ ብዛት ቀልጦ ቀለሙ ላይ ይለጠፋል። በንጹሕ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልሉ። ጣሪያ ሥር ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያጎብጠዋል፣ ቤዝመንት ውስጥ እርጥበቱ ያዝገዋል፤ መሐል ቤት ያለ ቁም ሣጥን ይሻላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ የዚንክ ቅልቅል ዕቃዎች ስትገዙ በደማቅ ብርሃን እዩአቸው። ያበጠ ወይም እንደ ሸረሪት ድር የተሰነጣጠቀ ብረት በቅልቅሉ ቆሻሻ ምክንያት ከውስጥ እየፈራረሰ ነው፣ መድኃኒትም የለውም። አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ እንጂ የቆየ ቀለም አይወልወል፣ አይቀባም። "ለሰብሳቢ የተዘጋጀ ውስን እትም" የሚል ጽሑፍ ያለበትን አዲስ ዕቃ ወድዳችሁት ከሆነ ግዙት፤ ይወደዳል ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ።

ባቡሩ ሲቆም

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ ሐዲዱን 90 ከመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነከራችሁት ጨርቅ ጥረጉ፤ ብርጭቆ ወረቀት አይንካው፣ የጫረው ቦታ ሁሉ የቆሻሻ ጎጆ ይሆናል። ከዚያ የሎኮሞቲቩን ጎማ። አልኮል የነካ ሶፍት ሐዲዱ ላይ አንጥፉ፣ የአንዱን ጫፍ ጎማዎች ሶፍቱ ላይ፣ የሌላውን ጫፍ ሐዲዱ ላይ አድርጋችሁ፣ ሎኮሞቲቩን በእጅ ይዛችሁ በኤሌክትሪክ አሽከርክሩ፤ የሚወጣው ጥቁር መስመር ያሳፍራል። ካልሆነ ቴስተር አውጥታችሁ ባቡሩ የቆመበት ቦታ ላይ ቮልት መኖሩን ለኩ፤ ከሌለ ከሥር የተላቀቀ ሽቦ ፈልጉ። ቮልት ካለ ያንኑ ሎኮሞቲቭ ሌላ ቦታ አስቀምጡት፣ እዚያ ደግሞ ሌላ ሎኮሞቲቭ። ሁለተኛውም እዚያው ከቆመ አሁንም ሐዲዱ ነው። የትም ብታስቀምጡት አልንቀሳቀስ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ ካቻቢቴ ይነሣ።